የአርመርድ ኬብልን ብረት ለኧርዝ መስመርነት መጠቀም፦ ከስሌት እስከ ፍተሻ

አርመርድ ኬብል ሲገዛ ከመዳቡ ጋር የብረት ሽቦ ልብሱም አብሮ ይመጣል። ይህ ብረት የኧርዝ መስመር (ብልሽት ሲፈጠር ከረንቱን ወደ መነሻው የሚመልስ የደህንነት መስመር) ሆኖ አገለገለም አላገለገለም ከኧርዝ ጋር መያያዝ አለበት። ዶማ ወይም የድሪል ጫፍ ኬብሉን ወግቶ ፌዙ ጋ ሲደርስ በመንገዱ ብረቱን ነክቶ ያልፋል፤ ብረቱ ኧርዝ ከሆነ ብሬከሩ ወዲያው መስመሩን ይቆርጣል፣ ካልሆነ ግን ዶማውን የያዘው ሰው ኧርዝ ይሆናል። ስለዚህ ክርክሩ ብረቱን ከኧርዝ ጋር እናያይዘው ወይስ አናያይዘው አይደለም። ከኬብሉ ማዶ ላለው ፓነል፣ ሞተር ወይም ፓምፕ ይህ ብረት ብቻውን የኧርዝ መስመር ሆኖ ይበቃል ወይ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የማይበቃባቸውን ሁኔታዎች በስሌት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። በስሌት የማይታየው ግላንዱ (ኬብሉ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ብረቱን የሚጨብጠው የነሐስ ማጋጠሚያ) ነው፤ በወረቀት ላይ የተስተካከለ መስመር በተግባር የሚከዳው ብረቱ ከሳጥኑ ጋር በሚጋጠምበት በዚያች ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ከዚህ በታች ስለ ግላንድ ብዙ የተጻፈው ለዚህ ነው።

የትኛው ኬብል ለዚህ ይሆናል

የሚሆነው በክብ የብረት ሽቦዎች የተጠቀለለ፣ ከአንድ በላይ ኮር (በኢንሱሌሽን የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ) ያለው ኬብል ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲታይ መዳብ፣ የመዳቡ ኢንሱሌሽን (ኤክስ ኤል ፒ ኢ ወይም ፒ ቪ ሲ)፣ ኮሮቹን አንድ ላይ የያዘ የውስጥ ፕላስቲክ፣ ዚንክ የተለበጠ የብረት ሽቦ፣ በመጨረሻም የውጭ ፕላስቲክ አለው። የሽቦዎቹ ውፍረት እንደ ኬብሉ መጠን ከ0.9 እስከ 2.5 ሚ.ሜ. ይደርሳል።

የሚከተሉት ግን፣ ላያቸው ብረት ቢሆንም፣ ለኧርዝ መስመርነት አይታመኑም፦

- በቆርቆሮ ጥብጣብ የተጠቀለለ ኬብል። ጥብጣቡ ግላንድ ውስጥ እንደ ሽቦ ተዘርግቶ አይጨበጥም፤ ስፋቱም ትንሽ ነው።
- በቀጭን ሽቦ እንደ መረብ የተሸመነ የመቆጣጠሪያ ኬብል። መረቡ የተሠራው ለመከለያነት ነው፣ የሾርት ከረንት ለመሸከም አይደለም።
- ተጣጣፊ የብረት ቱቦ። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ተከላ ደረጃ አይ ኢ ሲ 60364፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ካልሆነ በቀር፣ የኧርዝ መስመር አድርጎ መጠቀሙን አይፈቅድም።
- ባለ አንድ ኮር ኬብል። በተለዋዋጭ ከረንት ላይ ባለ አንድ ኮር የሆነው በብረት ሽቦ መጠቅለል የለበትም፤ በዙሪያው የሚፈጠረው መግነጢስ ብረቱን ያግለዋል። ለዚህ የሚሠራው የአሉሚኒየም ሽቦ የተጠቀለለበት ነው፣ እሱም የራሱ የአሉሚኒየም ግላንድ አለው። አሉሚኒየምና ነሐስ እርጥበት ባለበት ሲነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ብረቱ ሙቀቱን ይችላል?

ፌዝ ከአካል ጋር ሾርት ሲያደርግ ብሬከሩ ወይም ፊውዙ እስኪቆርጥ ድረስ በብረቱ ውስጥ ብዙ መቶ ወይም ብዙ ሺህ አምፔር ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ብረቱ ኢንሱሌሽኑን እስኪያቀልጥ መጋል የለበትም። ይህን ለማጣራት ሁለት መንገድ አለ።

አጭሩ መንገድ ከሰንጠረዥ ነው። ፌዙ እስከ 16 ሚ.ሜ² ከሆነ ኧርዙ ከፌዙ እኩል፣ ከ16 በላይ እስከ 35 ከሆነ 16፣ ከ35 በላይ ከሆነ የፌዙ ግማሽ መሆን አለበት። ይህ ኧርዙ ልክ እንደ ፌዙ መዳብ ከሆነ ነው። ብረት ከሆነ የተገኘው ቁጥር በሁለቱ ብረታ ብረቶች የሙቀት ቁጥር ጥምርታ ይባዛል፦ ለኤክስ ኤል ፒ ኢ ኬብል የመዳቡ ቁጥር 143፣ የብረቱ 46 ስለሆነ ማባዣው 3.11 ነው። ለፒ ቪ ሲ ኬብል ደግሞ 115 ለ51፣ ማለትም 2.25።

በብሪታንያው የኬብል ደረጃ ቢ ኤስ 5467 መሠረት የተሠሩ ባለ 4 ኮር የኤክስ ኤል ፒ ኢ ኬብሎች የብረታቸው ስፋት በግምት እንዲህ ነው፤ ከጎኑ ያለው ሰንጠረዡ የሚጠይቀው ነው።

- 10 ሚ.ሜ²፦ ብረቱ 42፣ የሚፈለገው 31
- 16 ሚ.ሜ²፦ ብረቱ 49፣ የሚፈለገው 50
- 25 ሚ.ሜ²፦ ብረቱ 70፣ የሚፈለገው 50
- 50 ሚ.ሜ²፦ ብረቱ 90፣ የሚፈለገው 78
- 70 ሚ.ሜ²፦ ብረቱ 131፣ የሚፈለገው 109
- 95 ሚ.ሜ²፦ ብረቱ 147፣ የሚፈለገው 148
- 120 ሚ.ሜ²፦ ብረቱ 206፣ የሚፈለገው 187
- 150 ሚ.ሜ²፦ ብረቱ 230፣ የሚፈለገው 233
- 240 ሚ.ሜ²፦ ብረቱ 289፣ የሚፈለገው 373

መቼም ሰው ኬብል ሲተልቅ ብረቱም አብሮ ይበቃል ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ቁጥሮቹ የሚሉት ተቃራኒውን ነው፤ ትንንሾቹ አብዛኞቹ ያልፋሉ፣ ትልልቆቹ ይወድቃሉ። የኮር ቁጥር ሲያንስ ኬብሉ ስለሚቀጥን ብረቱም ያንሳል፦ 25 ሚ.ሜ² ባለ 2 ኮር ብረቱ 42 ገደማ ብቻ ስለሆነ በዚህ ሰንጠረዥ አያልፍም፣ ባለ 4 ኮሩ ግን ያልፋል። የመጨረሻውን ቁጥር ሁልጊዜ ከሚገዙት ኬብል አምራች መረጃ ላይ ይውሰዱ።

ሰንጠረዡ ሆን ተብሎ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። በሱ የወደቀ ኬብል በትክክለኛው ስሌት ሊያልፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ያልፋል። ስሌቱ፦ የሾርት ከረንቱን በራሱ ያባዙ፣ ውጤቱን ብሬከሩ በሚቆርጥበት ሰከንድ ያባዙ፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፣ ከዚያ ለብረት በ46 (ፒ ቪ ሲ ከሆነ በ51) ያካፍሉ። የሚያስፈልገው ስፋት በሚ.ሜ² ይወጣል።

ለምሳሌ 95 ሚ.ሜ² ባለ 4 ኮር ኬብል ላይ 2,500 አምፔር አልፎ ፊውዙ በ3 ሰከንድ ቢቆርጥ፦ 2,500 × 2,500 × 3 = 18,750,000፤ ስኩዌር ሩቱ 4,330፤ በ46 ሲካፈል 94 ሚ.ሜ²። ኬብሉ ያለው 147 ስለሆነ በሰፊ ልዩነት አለፈ። በሰንጠረዡ ግን በአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ወድቆ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ብሬከሩ በጊዜው ይቆርጣል?

ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው፤ በረጅም መስመር ላይ ግን ወሳኙ እሱ ነው። ብረት ከመዳብ 8 እጥፍ ያህል ሬዚስታንስ አለው። 70 ሚ.ሜ² ብረት በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ 9 ሚ.ሜ² የማይሞላ መዳብ ነው። መስመሩ ሲረዝም የሾርት ከረንቱ ያንሳል፣ ብሬከሩም እንደ ሾርት ሳይሆን እንደ ተራ ጭነት ያየዋል።

በቁጥር እንየው። 4 × 25 ሚ.ሜ² ኤክስ ኤል ፒ ኢ ኬብል፣ 60 ሜትር ርዝመት፣ በ63 አምፔር ብሬከር የሚጠበቅ፣ ኧርዙ ብረቱ ብቻ። ከመነሻው ፓነል በስተኋላ ያለው የሉፕ ኢምፔዳንስ (የሾርት ከረንቱ በፌዝ ሄዶ በኧርዝ በሚመለስበት ዙር ላይ ያለው ጠቅላላ ተቃውሞ) ተለክቶ 0.20 ኦም ሆኗል።

መዳቡ በ20 ዲግሪ 0.727 ሚሊ ኦም በሜትር ነው። ኬብሉ ሲሠራ 90 ዲግሪ ስለሚደርስ በ1.28 ይባዛል፦ 0.93። ለብረቱ 138ን በስፋቱ ማካፈል ቀላል ግምት ይሰጣል፤ 138 ÷ 70 ≈ 1.97 ሚሊ ኦም በሜትር። ሽቦዎቹ በኬብሉ ዙሪያ እየተጠማዘዙ ስለሚሄዱ ከኬብሉ ይረዝማሉ፣ ስለዚህ 2.2 እንበለው። በሥራ ሙቀት ደግሞ በ1.27 ተባዝቶ 2.8 ይሆናል። ድምሩ 3.73 × 60 ሜትር = 0.224 ኦም። ከመነሻው 0.20 ጋር 0.424 ኦም።

የቮልቴጅ መዋዠቁን ለመጠበቅ ከ230 ቮልት 5 በመቶ ተቀንሶ 218.5 ቮልት ይወሰዳል። 218.5 ÷ 0.424 = 515 አምፔር።

አሁን ብሬከሩን ይመልከቱ። ቢ ዓይነት 63 አምፔር ብሬከር ወዲያው እንዲቆርጥ 5 እጥፉን፣ 315 አምፔር ይፈልጋል፤ ስለዚህ ያልፋል። ሲ ዓይነት ከሆነ 10 እጥፉን፣ 630 አምፔር ስለሚጠይቅ አይበቃም። ያው ኬብል፣ ያው ርዝመት፤ በብሬከሩ ላይ ያለች አንዲት ፊደል መስመሩን ከደህና ወደ አደገኛ ለወጠችው። ብሬከሩ ሳይቆርጥ በቆየ ቁጥር በማዶ ያለው የፓነሉ አካል 515 × 0.168 = 86 ቮልት ገደማ ተሸክሞ ይቆማል፤ 0.168 ኦም የብረቱ ድርሻ ብቻ ነው።

በ230 ቮልት አቅርቦት፣ ኧርዙ ከትራንስፎርመሩ በሽቦ የሚመጣ ከሆነ፣ አይ ኢ ሲ 60364 የሚጠይቀው የመቁረጫ ጊዜ ለመጨረሻ መስመሮች 0.4 ሰከንድ፣ ፓነልን ለሚመግብ መስመር 5 ሰከንድ ነው።

ካልበቃ ምን ይደረጋል

መፍትሔው በቅደም ተከተል ሲታይ፦ መጀመሪያ የብሬከሩን ዓይነት መቀየር ይቻል እንደሆነ ማየት (የሞተር መነሻ ከረንት ካላስቸገረ)፤ ቀጥሎ አንድ ኮር የጨመረ ኬብል ገዝቶ ያንን ኮር ኧርዝ ማድረግ፤ ኬብሉ ተገዝቶ ካለቀ ደግሞ ከጎኑ የተለየ የመዳብ ኧርዝ ማስኬድ።

ከላይ ላለው ምሳሌ 16 ሚ.ሜ² መዳብ ቢጨመር (ሲሞቅ 1.47 ሚሊ ኦም በሜትር) ከብረቱ ጋር ጎን ለጎን ሆኖ ሬዚስታንሱን ወደ 0.96 ያወርደዋል። ሙሉ ሉፑ 0.314 ኦም፣ ከረንቱ 696 አምፔር ይሆንና ሲ ዓይነቱም ይቆርጣል። ነገር ግን ሁለቱ ከረንቱን የሚካፈሉት በሬዚስታንሳቸው ልክ ብቻ አይደለም፤ ብረቱ ኮሮቹን ከቦ ስለያዘና መግነጢስ ስለሚይዝ፣ በውጭ የሚሄደው መዳብ ከተሰላለት ያነሰ ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ መዳቡ ብቻውን እንዲበቃ አድርጎ መምረጥ ይሻላል። እዚህ ብረቱን ጨርሶ ባንቆጥረው 635 አምፔር ይወጣል፤ ለጥቂትም ቢሆን ያልፋል። ተጨማሪው ሽቦ ከኬብሉ ጋር ተጣብቆ በአንድ መንገድ ይሂድ፣ በየ1 ሜትሩም አብሮ ይታሰር። በሌላ ቦይ የሄደ ኧርዝ ኢምፔዳንሱ ይጨምራል።

የሙቀቱን ስሌት ሲሠሩ የብረቱንና የመዳቡን ስፋት አይደምሩ። የተለያዩ ብረታ ብረቶች ናቸው፣ እኩል አይሞቁም።

ዕቃና መሣሪያ

ለእያንዳንዱ የኬብል ጫፍ፦ ልኩ የሆነ 1 የነሐስ ግላንድ፣ 1 ባንጆ (ግላንዱ የሚያልፍበት ቀለበትና ቡሎን የሚገባበት ጆሮ ያለው ጠፍጣፋ ነሐስ)፣ 1 ሎክ ነት፣ 1 ጥርስ ያለው ሮንዴላ፣ 1 የግላንድ መሸፈኛ ላስቲክ፣ ለባንጆው 1 ቡሎን ከዳዶና ሮንዴላ ጋር (ለትንንሽ ግላንድ 6 ሚ.ሜ.)፣ የሚጨመቅ ላግ (በሽቦ ጫፍ ላይ የሚገባ፣ ቡሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ጫፍ)፣ አረንጓዴና ቢጫ የመዳብ ሽቦ።

መሣሪያ፦ ትንሽ ሴጌቶ፣ ስለታም ቢላ፣ ሜትር፣ ለግላንዱ ልክ የሆኑ ሁለት ቁልፎች፣ ሞረድ፣ የላግ መጭመቂያ፣ ዝቅተኛ ሬዚስታንስ የሚለካ ሜትር፣ የ500 ቮልት ኢንሱሌሽን ሜትር። ፒንሳ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የግላንዱን ጠርዝ ይበላል፣ በኋላ በቁልፍ ማጥበቅ ያቅታል።

ግላንድ ሲመርጡ ሁለት ስፋት ይለኩ፦ ከብረቱ ሥር ያለውን የውስጥ ፕላስቲክ እና የኬብሉን የውጭ ስፋት። በኮር ቁጥርና በሚ.ሜ² ብቻ መገመት ያሳስታል። ባለ 20 ሚ.ሜ. ጥርስ ግላንድ ሁለት ዓይነት ነው፤ 20 ኤስ የሚባለው ለቀጭን ኬብል ነው፣ ቀዳዳው ግን ከሌላው ጋር አንድ ነው። ሳጥኑ ላይ ስለተገጠመ ብቻ ለኬብሉም ልክ ነው ማለት አይቻልም። ውጭ ለሚሆን ወይም ውኃ ለሚነካው ቦታ የውጭ ፕላስቲኩን የሚጨብጥ ላስቲክ ያለው ግላንድ ይጠቀሙ፤ ተራው የቤት ውስጥ ግላንድ ውኃን አያግድም፣ ውኃው ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው ኧርዝዎ የሆነውን ብረት ነው።

ግላንዱን መግጠም

ከመጀመርዎ በፊት መስመሩን ይቁረጡ፣ ብሬከሩን በቁልፍ ይዝጉ፣ ኃይል አለመኖሩን በሞካሪ ያረጋግጡ። ነባር መስመር ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስቡ፦ ብረቱ ብቸኛው ኧርዝ ከሆነ ግላንዱን በፈቱበት ቅጽበት ከማዶ ያለው ሁሉ ኧርዝ አልባ ይሆናል። በሌላ መስመር የሚመገብ ዕቃ እዚያ ካለ እሱም ይጠፋ።

1. መሸፈኛ ላስቲኩን፣ ቀጥሎ የግላንዱን የኋላ ዳዶና ማጥበቂያ ቀለበት በኬብሉ ላይ በቅደም ተከተላቸው ያስገቡ። ላስቲኩ ተረስቶ ግላንዱ ከጠበቀ በኋላ ማስታወስ ያልደረሰበት ባለሙያ የለም፤ ቀዶ ማስገባት ደግሞ ውኃ ማስገባት ነው።

2. ኮሮቹ እስከ ተርሚናላቸው የሚያስፈልጋቸውን ርዝመት ለክተው በውጭ ፕላስቲኩ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከምልክቱ በላይ ያለውን የውጭ ፕላስቲክ ገፍፈው ያውጡ። ቢላው ሽቦውን ሲነካ የዚንኩን ልባጥ እንዳይፍቅ ቀለል አድርገው ይያዙት።

3. ብረቱ የሚቆረጥበትን ርዝመት ከግላንዱ ኮን (ሽቦዎቹ የሚያርፉበት ሾጣጣ ክፍል) ላይ ይውሰዱ፦ ኮኑን ከፕላስቲኩ ጠርዝ ጎን አስጠግተው ሽቦው ኮኑን ሙሉ እንዲሸፍን ያህል ያስቀሩ። ለትንንሽ ኬብሎች ከ20 እስከ 30 ሚ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ያጠረ ሽቦ ከቀለበቱ ያመልጣል፤ የረዘመ ሽቦ ግላንዱ እንዳይዘጋ ያደርጋል።

4. በሴጌቶ ሽቦዎቹን ዙሪያውን የውፍረታቸውን ግማሽ ያህል ብቻ ይጋዙ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወዲያና ወዲህ በማጠፍ ይስበሩ። እስከ መጨረሻው የጋዘ ሰው የውስጡን ፕላስቲክ ይጎዳል፤ ያ ጉዳት ደግሞ ፌዝና ብረት የሚገናኙበት ቦታ ይሆናል።

5. ቀሪዎቹን ሽቦዎች እንደ ደወል አፍ ይክፈቷቸው። የውስጡን ፕላስቲክ ከኮኑ አልፎ ጥቂት እንዲወጣ አድርገው ይቁረጡ፤ ኮሮቹ በነሐሱ ጠርዝ ላይ እንዳይፋቁ ነው።

6. የግላንዱን የፊት አካል በሳጥኑ ላይ ይግጠሙ (ዝርዝሩ ከታች ነው)። ኮሮቹን አሳልፈው ኮኑን ከብረቱ ሥር ያስገቡ። ሽቦዎቹ እርስ በርስ ሳይደራረቡ በኮኑ ዙሪያ እኩል ይከፋፈሉ። በአንድ በኩል ሁለት ሽቦ ከተደራረበ ቀለበቱ እዚያ ላይ ብቻ ይነክሳል፣ የቀሩት ልቅ ይሆናሉ።

7. ማጥበቂያ ቀለበቱን አምጥተው በሽቦዎቹ ላይ ያሳርፉ። የውጭ ፕላስቲኩ ጠርዝ በቀለበቱና በኮኑ መካከል አለመግባቱን ይመልከቱ። ከገባ ግላንዱ በእጅ ሲሞከር የጠበቀ ይመስላል፤ የያዘው ግን ፕላስቲክ ነው፣ ፕላስቲክ ደግሞ በሙቀት እየለሰለሰ ይለቃል።

8. በአንድ ቁልፍ የፊቱን አካል ይዘው በሌላው የኋላውን ዳዶ ያጥብቁ። ከጠበቀ በኋላ አንድ ጊዜ ፈተው ይመልከቱ፦ በሁሉም ሽቦ ላይ የቀለበቱ ንክሻ መታየት አለበት። ይህ ሁለት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው፤ ከሁሉም ሜትር ይልቅ እውነቱን የሚናገረውም እሱ ነው። መልሰው ያጥብቁ፣ ኬብሉን ስበው ይፈትሹ፣ መሸፈኛ ላስቲኩን ያምጡ።

ግላንዱና ሳጥኑ የሚገናኙበት

የብረት ፓነል ከሆነ ብዙ ሰው ግላንዱን በቀዳዳው አስገብቶ ሎክ ነት አጥብቆ ይተወዋል። ፓነሉ ግን ቀለም የተቀባ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ ኢንሱሌሽን ነው። ሜትሩ አነስተኛ ከረንት ስለሚያሳልፍ በጥርሱ ጫፍ በኩል ደህና ያነባል፣ 500 አምፔር ሲመጣ ግን ያች ነጥብ ትቀልጣለች። በቀዳዳው ዙሪያ ሎክ ነቱ የሚያርፍበትን ያህል ቀለሙን እስከ ብረቱ ይፋቁ፣ ጥርስ ያለውን ሮንዴላ ያስገቡ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ የተጋለጠውን ጠርዝ መልሰው ይቀቡ።

ከዚያም በተጨማሪ ባንጆውን በግላንዱና በፓነሉ ግድግዳ መካከል ያስገቡ፣ በጆሮው በኩል ግድግዳውን በስተው ቡሎን ያሳልፉ፣ በውስጥ በኩል ላግ አስረው እስከ ኧርዝ ባር ድረስ የመዳብ ሽቦ ይሳቡ። ያ ሽቦ መጠኑ የኬብሉን ፌዝ ተከትሎ ይመረጣል፦ 25 ሚ.ሜ² ፌዝ ላለው 16፣ 95 ላለው 50 (47.5 ስለሚወጣ ወደ ቀጣዩ መጠን)። በ95 ኬብል ላይ 2.5 ሚ.ሜ² አረንጓዴ ሽቦ ታስሮ ማየት የተለመደ ነው። ይህ ዋናው መንገድ ጠቦ እንዲያልፍ የተሠራ ድልድይ ይመስላል፤ መጀመሪያ የሚቃጠለው እሱ ነው። ባንጆውም ራሱ አምራቹ የሚሰጠው የሾርት ከረንት አቅም አለውና ለትልልቅ ኬብሎች ይህን ያረጋግጡ።

የግላንድ መግቢያ ጠፍጣፋው የሚፈታ ከሆነ ጠፍጣፋው ራሱ ከፓነሉ አካል ጋር የሚገናኘው በቀለም በተሸፈኑ ብሎኖች ብቻ ሊሆን ይችላል። በጠፍጣፋውና በኧርዝ ባሩ መካከል የራሱ ሽቦ ይሰጠው።

የፕላስቲክ ሳጥን ወይም ስካቶላ ከሆነ ሳጥኑ ምንም አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ባንጆው የግድ ነው። ሁለት ኬብል ገብቶ የሚወጣበት የፕላስቲክ ሳጥን ላይ የሁለቱ ባንጆዎች ቡሎኖች ወደ ውስጥ ገብተው በመዳብ ይያያዙ። የባንጆውን ንክኪ ፕላስቲክ በሚጨምቅ ሎክ ነት ላይ ብቻ አይተዉ፤ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ይሰጥማል፣ ዳዶው ይላላል። የባንጆው ቡሎን በራሱ ዳዶ፣ ብረት ለብረት ሆኖ ይጥበቅ።

በመሬት ውስጥ መቀጠያ ካለ

ኮሮቹን በሚገባ አገናኝቶ ብረቱን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው። የሬዚን መቀጠያ ዕቃ ሲገዛ ለብረቱ የሚሆን ቀለበት፣ ማሰሪያና ማገናኛ መዳብ አብሮ መኖሩን ይመልከቱ። ቀለበቱ ከብረቱ ሥር ይገባል፣ ማሰሪያው ከላይ ይጠብቃል፣ መዳቡ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ስፋቱም ለባንጆው ሽቦ ከተመረጠው ያላነሰ ይሁን። ሬዚኑ ከመፍሰሱ በፊት ብረቱን ከዳር እስከ ዳር ይለኩ። ከፈሰሰ በኋላ የሚገኝ ስህተት መፍትሔው መቁረጥ ብቻ ነው።

ኧርዙ ወደ ማዶ መሄድ የሌለበት ጊዜ

ኒውትራልና ኧርዝ በአንድ ሽቦ በሚመጡበት አቅርቦት፣ ለብቻው ወደ ቆመ ሌላ ቤት ኬብል ሲሳብ ሁለት ነገር ይታሰባል። እዚያ ቤት የብረት የውኃ ቱቦ ወይም የብረት መዋቅር ካለ ብረቱ የኧርዝ መስመር ብቻ ሳይሆን ዋናው የማያያዣ ሽቦም ይሆናል። በብሪታንያው የኤሌክትሪክ ተከላ ደንብ ቢ ኤስ 7671 ኒውትራሉ እስከ 35 ሚ.ሜ² ለሆነ አቅርቦት ይህ ከ10 ሚ.ሜ² መዳብ ጋር የሚስተካከል አቅም ይጠይቃል፤ በብረት ሲሆን 80 ሚ.ሜ² አካባቢ ነው። 4 × 25 ኬብል 70 ብቻ ስላለው ለኧርዝ መስመርነት አልፎ ለማያያዣነት ይወድቃል።

ሁለተኛው መንገድ ያኛውን ቤት በራሱ የመሬት ዘንግ መለየት ነው። በዚህ ጊዜ ብረቱ በመነሻው ጫፍ ብቻ ከኧርዝ ጋር ይያያዛል። በማዶ ጫፍ ግላንዱ በፕላስቲክ ሳጥን ላይ ያርፋል፣ ባንጆ አይገባበትም፣ ከአዲሱ ኧርዝ ባር ጋርም በምንም አይገናኝም። ሰው በአንድ ጊዜ ሁለቱን እንዳይነካ ግላንዱ በመሸፈኛ ላስቲኩ ይዘጋ። በማዶ ቤት አር ሲ ዲ (ትንሽ ከረንት ወደ ኧርዝ ሲፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ) የግድ ነው። በግማሽ መንገድ የሚቀር ጥንቃቄ እዚህ ላይ ይጎዳል፦ ዘንግ ተተክሎ ብረቱም ከተያያዘ፣ የመለየቱ ሥራ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ፍተሻ

ኃይል ሳይሰጥ መጀመሪያ ኢንሱሌሽን ይለካል። በ500 ቮልት፣ ኮር ከኮር እና እያንዳንዱ ኮር ከብረቱ ጋር። ዝቅተኛው ተቀባይነት ያለው 1 ሜጋ ኦም ነው፤ አዲስ ኬብል ግን ከዚህ እጅግ በላይ ማንበብ አለበት። 2 ወይም 3 ሜጋ ኦም ያነበበ አዲስ ኬብል አለፈ ብለው አይሂዱ፤ አንደኛው ጫፍ ላይ ሴጌቶው የውስጡን ፕላስቲክ ነክቶታል ወይም እርጥበት ገብቷል።

ቀጥሎ የኧርዙ ቀጣይነት። ቢያንስ 200 ሚሊ አምፔር የሚያሳልፍ ሜትር ይጠቀሙና የገመዶቹን ሬዚስታንስ አስቀድመው ዜሮ ያድርጉ። በማዶ ጫፍ አንዱን ፌዝ ከኧርዝ ባሩ ጋር ያገናኙ፣ በመነሻው ጫፍ በፌዙና በኧርዝ ባሩ መካከል ይለኩ። ለምሳሌያችን 60 ሜትር መስመር ኬብሉ ቀዝቃዛ ሳለ ከ0.16 እስከ 0.18 ኦም ይጠበቃል። 0.3 ካነበበ ብረቱ አይደለም፣ ከግላንዶቹ አንዱ ነው። እየለኩ ሳለ ረዳት ኬብሉን ከግላንዱ አጠገብ ይዞ ይወዝውዘው፤ ቁጥሩ ከዘለለ ያ ግላንድ ይፈታል።

ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ቁጥርም ደስ አያሰኝም። ማዶ ያለው ሞተር ከሕንፃው ብረት ጋር ከተያያዘ ሜትሩ የለካው ሕንፃውን ጭምር ነው። የብረቱን አንድ ጫፍ ከኧርዝ ባሩ ፈተው፣ ግላንዱም ከፓነሉ ብረት እንዳይነካ አድርገው፣ ፌዙን ከብረቱ ጋር ብቻ አገናኝተው ይድገሙት። ከፍ ያለ ከረንት፣ እስከ 25 አምፔር የሚያሳልፍ የኧርዝ መሞከሪያ ካለ በቀለም ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ንክኪን ከተራው ሜትር በተሻለ ያጋልጣል።

ኃይል ከተሰጠ በኋላ በማዶ ጫፍ የሉፕ ኢምፔዳንስ ይለካል። ኬብሉ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ የተነበበው ከሚፈቀደው 80 በመቶ መብለጥ የለበትም። ለ63 አምፔር ሲ ዓይነት የሚፈቀደው 218.5 ÷ 630 = 0.347 ኦም ስለሆነ ሜትሩ ላይ ከ0.277 በላይ መታየት የለበትም። አር ሲ ዲ ካለ ከዚህ በኋላ ይሞከራል።

የተለካውን የቀጣይነት ቁጥር፣ ቀኑንና የትኛው ፌዝ እንደተለካ በፓነሉ በር ውስጥ ይጻፉ። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ 0.17 የነበረው 0.25 ሆኖ ካገኘው ኬብሉን ሳይቆፍር የት እንደሚጀምር ያውቃል፤ መጀመሪያ የውጭውን ግላንድ ላስቲክ ገልጦ ዝገት ይፈልጋል።